ውሻ የሌለው ሊግ

እስቲ የቡድኖቻችንን ቅጽል ስም እንቁጠር። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ፈረሰኞቹ» ይባላል። ወላይታ ድቻ «የጦና ንቦቹ»፣ ብሔራዊ ቡድናችን ደግሞ «ዋልያዎቹ»። ፈረስ አለ፣ ንብ አለ፣ ዋልያ አለ። ውሻ ግን የለም። መቼም ምክንያቱ አይጠፋችሁም፤ በእኛ አገር «ውሻ» ስድብ ነው። «ውሾቹ ተሸነፉ» ብሎ የሚዘግብ የስፖርት ጋዜጠኛ በማግስቱ መውጫ በር ያጣል!

ፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1889 «ሃንድሰም ዳን» የተባለ ቡልዶግ የቡድኑ ማስኮት አደረገ፤ ስሙም ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ ዛሬ አለ። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ከ1956 ጀምሮ «ኡጋ» የሚባሉ ነጭ ቡልዶጎች አሉት። ሲሞቱ ስታዲየሙ ውስጥ ይቀበራሉ። የ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ማስኮት «ስትራይከር»ም ውሻ ነበር።

እኛ የሰበታ ልጆች ግን ለቅንጦት ብዙም ዕድል የለንም። ሰበታ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ ጨፈርን፤ በ2014 ሲወርድ አንገታችንን ደፋን። የቀረን የሰፈራችን ቡድን ነው። እሱም ማስኮት አለው፤ ማንም አልሾመውም እንጂ። ስሙ ቡቺ ነው። ከተጫዋቾቹ ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል፣ ከጎሉ ጀርባ ይተኛል፣ ሁለት ለዜሮ ስንሸነፍ ደጋፊው ቀስ በቀስ ሲበተን እሱ እስከ ፊሽካው ይቆያል።

«ቡቺ የማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «የሰፈሩ ነው» ይላችኋል። የሰፈር ማለት ደግሞ የማንም ማለት ነው። በየከተሞቻችን አልፎ አልፎ ለውሾች መርዝ ሲበተን ቡቺን ግቢው የሚያስገባው ሰው የለም። ልጅ ቢነክስም መከተቡን የሚያውቅ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ላይ የሚደርሰውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታውን የሚያቆመው 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው፤ ውሻ መግደል አላቆመውም።

ለመከተብ ደግሞ አንድ ሰው ገመዱን መያዝ አለበት። ኡጋን የታደለ ያደረገው ቡልዶግ መሆኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከመጀመሪያው ኡጋ ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ሲያሳድጋቸው ኖሯል። ሃኪሙ ዘንድ የሚወስደው፣ ሲታመም የሚደነግጥለት ሰው አለው።

ስለዚህ ወስነናል። ለአዲስ ማሊያ ከምናዋጣው ላይ ቀንሰን ቡቺን እናስከትባለን። በቡድናችን ቀለም የአንገት ማሰሪያ እናደርግለታለን፤ ማታ ማታ የሚያድርበት ቤትም ተገኝቷል። ያኔ «የማን ነው?» ለሚል «የእኛ ነው» እንላለን። ዋንጫ ባይመጣም ቢያንስ ሹመቱ ትክክለኛ ይሆናል።

የእናንተ ሰፈር ቡቺስ የማን ነው?

ቸር እንሰንብት!