የጉኑኖ ካርታ ጉኑኖ ይግባ

ወላይታ ውስጥ ግማሽ ሄክታር መሬት ያለው ገበሬ ዛሬ መሬት አጣ አይባልም። ከዚያ ባነሰ መሬት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ብዙ ነው። ያ ግማሽ ሄክታር በ1 ለ 50,000 ቶፖግራፊክ ካርታ ላይ ስንት ቦታ እንደሚይዝ አስልቼው ነበር፤ 2 ካሬ ሚሊ ሜትር። ከስንዴ ፍሬ ያነሰ። እንሰቱ፣ ጎደሬው፣ ቡናው፣ ቤቱ፣ የአባት የእናት መቃብሩ ሁሉ እዚያች ነጥብ ውስጥ ነው። በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ መነሻ የሆነው 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር እንኳ በዚሁ ካርታ ላይ 32 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ መዳፍ ቢያርፍበት ይሸፈናል።

ይህን ያህል አሳንሶ ቢያሳይም፣ ለአንዲት የገጠር ቀበሌ ከዚህ ካርታ የሚበልጥ የቀድሞ መልኳ ምስክር አለ ብዬ አላምንም።

ከዚህ ካርታ በፊት የነበሩትን ካርታዎች አስቧቸው። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ላይ ዘምተው ንጉሥ ጦናን ከማረኩ በኋላ፣ ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ በ1888 አባያ ሐይቅ ደርሶ ሐይቁን በአገሩ ንግሥት ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። ስሙም በውጭ ካርታዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። የእንዲህ ዓይነት ካርታዎች ጉዳይ መንገደኛው ያለፈበት ጎዳና ነበር፤ ወላይታ ውስጥ ጉኑኖ የሚኖር ሰው ቦታውን እዚያ ላይ አያገኝም።

መሬቱ በወጉ መለካት የጀመረው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ሚሲዮን በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ሲጀምር ነው። ቀያሾች ተራራ አናት ላይ ወጥተው የመለኪያ ነጥቦች ተከሉ፤ አውሮፕላን ከላይ እየበረረ ተከታታይ ፎቶ አነሳ። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ከግማሽ በላይ ስለሚደራረብ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በመሣሪያ የሚያይ ባለሙያ ጋራውና ሸለቆው ጉብ ስርጉድ ብሎ ይታየዋል። የኮንቱር መስመር የሚሳለው ከዚያ ነው፤ በ1 ለ 50,000ው ካርታ ላይ በየ20 ሜትሩ። ከአባያ ዳር፣ ከ1,170 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,800 ሜትርን የሚያልፈው ዳሞታ አናት የሚወጣ ሰው ከ80 በላይ መስመር ይሻገራል።

ሶዶ 37 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ልትሆን ምንም አልቀራት። የካርታው ሉሆች ደግሞ የሚቆረጡት በየ15 ደቂቃው ነው። ስለዚህ ሶዶና ቦዲቲ በአንድ ሉህ ሲውሉ፣ ጉኑኖ ከምዕራብ ባለው ሌላ ሉህ ላይ ትገኛለች፤ አረካ 7 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስን ተሻግራ በሦስተኛው። ዳሞታን ከነግርጌው ማየት የፈለገ ሉሆቹን ጠረጴዛ ላይ ገጥሞ መዘርጋት አለበት።

ጉኑኖን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከከፈቱባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዷ ናት። ስንት ዝናብ እንደዘነበ፣ ስንት አፈር እንደታጠበ፣ እርከን ምን ያህል እንዳዳነ እዚያ ተለክቷል። ስለ ዛሬዋ የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ አፈር የዓለም ተመራማሪ ያውቃል። የጉኑኖ ተማሪ ግን የቀበሌውን የድሮ ካርታ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አይቶ ቢያድግ ምን ነበረበት?

የድሮ ካርታ ትዝታ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የወላይታዋን ሁምቦን ልጥቀስላቸው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ተመልሶ ደን ሆነ፤ የካርቦን ገንዘብም አመጣ። በዚያ የካርቦን ሥርዓት ውስጥ ለመግባት ግን ቦታው በአውሮፓውያኑ 1989 ማብቂያ ላይ ደን እንዳልነበረ ማስረዳት ግዴታ ነበር። ያለ አሮጌ ማስረጃ ይህን ማስረዳት እንዴት ይከብድ ነበር!

ወደ ኦሞ እንውረድ። በወንዙ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሐይቁ ሲሞላ የውሃው ወለል 892 ሜትር ላይ ይቆማል። በድሮው ካርታ ላይ በ880 እና በ900 ኮንቱር መካከል ጣት እያስኬዱ የሐይቁን ዳርቻ መከተል ይቻላል፤ ከዚያ በታች የተሳለው ሸለቆ፣ የወንዝ መሻገሪያና ቁጥቋጦ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። ያንን ሸለቆ ልጆቻችን የሚያዩት በካርታ ብቻ ነው።

ሐምሌ 2016ን ማንም አይረሳም። ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው በናዳ ካለቀ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ እኛው ጋ ወላይታ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ላይ መሬት ተንሸራቶ ሰው ቀበረ። ኮንቱሮች የት ቦታ ተጠጋግተው እንደሚሄዱ፣ ማለትም ዳገቱ የት እንደሚከፋ፣ ከአሥርት ዓመታት በፊት ተስሏል። መስመሩ ብቻውን ናዳ አይተነብይም፤ ቤት የት ይሠራ የሚለው ሲወሰን ግን ጠረጴዛው ላይ መኖር ነበረበት፤ አሁንም አለበት።

አንድ ስጋት አለ፤ ካርታው በወሰን ያጣላል የሚል። በካርታው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። ግማሽ ሄክታር መሬት ደግሞ ጎኑ 70 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ካርታ የጎረቤት ወሰን ይፈረዳል የሚል ሰው ካርታ አያውቅም፤ ለዚያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለ። በስልካችሁ ጂፒኤስ ላይ ለምትደርቡም ላስጠንቅቅ፤ የድሮው ካርታ አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተሠራ በመሆኑ፣ ሳይስተካከል ከተደረበ ሁሉም ነገር 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋል።

ካርታው የማያውቀውም ብዙ ነው። በፍግ የዳበረው የጓሮ መሬት፣ ዳርኮዋው፣ የት አልቆ ራቅ ያለው ማሳ፣ ሾቃው፣ የት እንደሚጀምር አያሳይም። በመሰብሰቢያው መስክ በጉታራው ላይ ማን ተሰብስቦ ምን እንደወሰነ አልተጻፈበትም። በጋ የማይደርቀው ምንጭ የትኛው እንደነበር፣ ቦረቦሩ ከየትኛው ክረምት በኋላ እንደተከፈተ የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። ሉሆቹን የያዘው ተቋም በጥሩ ጥራት ስካን አድርጎ ለየወረዳው ይስጥ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ይላክ፤ ካርታው አምስት እጥፍ ሰፍቶ ይታተምና ሽማግሌዎቹ ፊት ይዘርጋ፤ የሚሉትም በላዩ ይጻፍ። በወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት በዋዱ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ በግብርና፣ በመንገድና በቅየሳ የሠራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሣጥናችሁ ውስጥ የተጠቀለለ ሉህ ካለ አትጣሉት፤ ለትምህርት ቤት ስጡት። ቤሌ፣ ገሱባ፣ ጠበላ፣ በዴሳ ያደጋችሁ ደግሞ ለመስቀልና ለጊፋታ አገር ቤት ስትገቡ የመንደራችሁን ሉህ አሳትማችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም እዚያው ካርታው ላይ ጻፉ።