የአከራይ ወቀሳ

እስቲ ዛሬ ስለ ባለሥልጣንና ስለ ጋዜጠኛ እንጫወት። መሪ አደባባይ ወጥቶ «ሚዲያው ያዳላል» ማለት ይገባዋል? «ለምን አይገባውም፣ እሱም እኮ አፍ አለው» የሚል አለ። «መሪ ከሆነ ችሎ ይቀመጥ» የሚልም አይጠፋም። እኔ መልሱ በተናጋሪው እጅ ባለው ነገር ይወሰናል እላለሁ። ሁለት ንግግሮች ላጫውታችሁ፤ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛው ለንደን ውስጥ ማርች 17 ቀን 1931 የተደረገ ነው። ስታንሊ ባልድዊን የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ፓርቲው ተቃዋሚ ነበር። የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚርና የዴይሊ ኤክስፕረስ ባለቤት ሎርድ ቢቨርብሩክ ከመሪነቱ ሊያወርዱት ተነስተውበታል። ዴይሊ ሜይል ጭራሽ የአባቱን ሀብት እንዳባከነ አድርጎ ጻፈበት። ባልድዊን ቢከስ እንደሚያሸንፍ ተነግሮት ነበር፤ አልከስም አለ። በአደባባይ ግን ጥፋታቸውን አንድ በአንድ ዘረዘረ፦ ውሸት፣ ግማሽ እውነት፣ የተናጋሪን አንድ ዓረፍተ ነገር ከቦታው ነቅሎ ትርጉሙን መለወጥ። የምትፈልጉት ኃላፊነት የሌለበት ሥልጣን ነው አላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ በተደረገው የማሟያ ምርጫ የእሱ ወገን ዕጩ ዳፍ ኩፐር አሸነፈ። ጋዜጦቹም መታተማቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው አሜሪካ ነው። ኖቬምበር 3 ቀን 1969 ፕሬዝዳንት ኒክሰን ስለ ቬትናም ጦርነት ለሕዝብ ተናገረ። ንግግሩ እንዳበቃ የቴሌቪዥን ተንታኞች ወዲያው ይተቹት ጀመር። በአሥረኛው ቀን ምክትሉ ስፒሮ አግኒው አዮዋ፣ ዴ ሞይን ከተማ ላይ ቆሞ ሦስቱን ጣቢያዎች፣ ኤቢሲን፣ ሲቢኤስንና ኤንቢሲን ወረፋቸው። ማንም ያልመረጣቸው ጥቂት ሰዎች አገሩ የሚያየውንና የሚሰማውን ይወስናሉ አለ። ሐቁን እንናገር ካልን፣ ነገሩ መሠረት ነበረው፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ተመልካች ከሦስቱ ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ጣቢያዎቹም ንግግሩን በቀጥታ አስተላልፈውለታል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አግኒው ሳንሱር አልጠየቅሁም ብሏል። ግን በዚያው ንግግር ጣቢያዎቹ የሚሠሩት በመንግሥት ፈቃድ መሆኑን አስታውሷቸዋል። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ደግሞ የፈቃድ ሰጪው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀመንበር ዲን በርች ለጣቢያዎቹ ኃላፊዎች ስልክ ደውሎ፣ ተንታኞቹ የተናገሩትን በጽሑፍ እንዲልኩለት ጠይቆ ነበር። እንግዲህ ስልኩን ባነሳው ኃላፊ ቦታ ሁናችሁ አስቡት። አከራይ «መብራት አታሳድር» ሲል ተከራይ የሚሰማው «ቤት ፈልግ» የሚለውን ነው። ጎረቤት ያንኑ ቢል ምክር ይሆናል።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1972 ኒክሰን በቢሮው በተቀረጸ ቴፕ ላይ፣ ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ የቴሌቪዥን ፈቃዱን ሲያሳድስ ብርቱ ችግር እንደሚገጥመው ሲናገር ይሰማል። ጋዜጣው ዋተርጌት የተባለውን፣ የኒክሰንን ወገን የሚነካ ቅሌት እየተከታተለ የሚዘግብበት ጊዜ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጋዜጣው ባለቤቶች ፍሎሪዳ ውስጥ በነበሯቸው ሁለት ጣቢያዎች ፈቃድ ላይ ተቃውሞ ቀረበ።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ በተቃዋሚነት ያለ መሪ እንደ ባልድዊን ጥፋቱን ለይቶ ይውቀስ፤ መብቱም ነው፣ ለአንባቢም ይጠቅማል። ፈቃድ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በእጁ ያለ መሪ ግን «ሚዲያው» ብሎ በጅምላ መውቀሱን ይተው። ዘገባው ተሳስቶ ከሆነ የተሳሳተውን መስመር ይጥቀስ፣ ማስረጃውን ያውጣ፣ ማረሚያ ይጠይቅ፤ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ከነገሩ ያርቅ። እናንተም ወገኔ የምትሉት መሪ ጋዜጠኛን ሲወርፍ ከማጨብጨባችሁ በፊት የትኛው ዘገባ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ጠይቁት።