ሦስት ስም ያለው ነጋዴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ዓምድ የለመዳችሁት ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን ታሪክና ስለ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ማንበብ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ዳይመንድ ልጽፍላችሁ ነው። በቀለበት ላይ የሚደረገውን ዕንቁ ማለቴ አይደለም፤ በስልክ ጨዋታ ውስጥ ብቻ ስላለው፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ በምሽት ስለምትገዙት ዳይመንድ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል እሸጠው ነበር። ምናልባት ሻጩ እኔ መሆኔን ሳታውቁ ከእኔ የገዛችሁ ትኖራላችሁ። እኔም ለማን እንደምሸጥ አላውቅም ነበር፤ ነገሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ በታክሲ ያለፈ ሁሉ ሳንሱሲን ያውቃታል። ስሟ በፈረንሳይኛ ቢነበብ «ያለ ሐሳብ» የሚል ትርጉም ይወጣዋል፤ የታክሲ ረዳቶች ሲጠሩት ስትሰሙ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት ትዝ አይላችሁም። ያደግሁት በዚህ ሠፈር ነው፤ ድቁናም የተቀበልሁት ገና ተማሪ ቤት ሳለሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ከአባቴ መጠየቅ ስለከበደኝ ንግድ ፈለግሁ። ሱቅ የሚከራይበት ገንዘብ አልነበረኝም። ስልክ ግን ነበረኝ።

ነገሩን ለማያውቁ ወላጆች አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ፍሪ ፋየር የሚባለው ጨዋታ መቀመጫውን በሲንጋፖር ባደረገው ጋሬና በተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበ ነው። በርካሽ ስልክም ስለሚሠራ የእኛ ሠፈር ልጆች ወደውታል። መጫወቱ በነጻ ነው። ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ አምሮ መታየት ሲፈልግ ግን ልብሱንም፣ ጌጡንም፣ ስኪን የሚሉትን የመሣሪያ ቀለምም በዳይመንድ ይገዛል፤ ዳይመንዱ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል፤ መቶው አንድ ዶላር ገደማ ነው። የእኛ አገር የባንክ ካርድ በውጭ አገር ገበያ እንደ ልብ ስለማይከፍል በመካከል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ የመሙያውን ኮድ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ ሒሳቡን እዚሁ ለአክስቴ እሰጣለሁ። ገዢው የጨዋታ መለያ ቁጥሩን ይሰጠኛል፤ እኔ ዳይመንዱን በቁጥሩ እሞላለታለሁ፤ እርሱ በቴሌብር ይከፍለኛል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህን ለማድረግ የባንክ ደብተር እንኳ አያስፈልግም። የይለፍ ቃል አይጠየቅም፤ ስምም፣ ዕድሜም አይጠየቅም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። እኔ ቀድሜ በርካሽ የገዛሁት ኮድ በእጄ ነበረ። በዚያው ሳምንት በአዲሱ ዋጋ ሸጥሁት። ጤፍ ነጋዴው ይህን ሲያደርግ በልቤ እፈርድበት እንደነበር ያስታወስሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲገባችሁ እሻለሁ። አንዳንድ አባቶችና እናቶች ይህን ዓለም «ጨዋታ» ብለው ያልፉታል፤ አንዳንድ መምህራን ደግሞ «ሰይጣን ያመጣው ነው» ብለው ይዘጉታል። ሁለቱም ገብተው አላዩትም። እኛ ጊልድ የምንለው ማኅበር ነበረን፤ ከአርባ በላይ አባላት ነበሩት። ከሳንሱሲና ከአስኮ ልጆች በተጨማሪ ከደሴ፣ ከሐዋሳ፣ በዓረብ አገር በሹፌርነት ከሚሠራም ወንድም ጋር በአንድነት እንጫወት ነበር። ያ ወንድም ከሥራ የሚወጣው በእኛ ሌሊት ነው፤ በአማርኛ የሚያናግረው ሰው የሚያገኘው ከእኛ ዘንድ ብቻ እንደሆነ ነግሮን ነበር። እናቱ ባረፈች ጊዜ ጨዋታውን አቁመን ያለቀሰውን ለቅሶ በጆሮ ማዳመጫ ሰምተናል። ሠልስት የተቀመጥነው እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንዲህ ያለውን ኅብረት ከንቱ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

በእንዲህ ያለ ዓለም መነገድም እኛ የጀመርነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊንደን ላብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሰከንድ ላይፍ የሚባል ዓለም ከፈተ። ሰዎች እዚያ በሌላ ስምና በሌላ መልክ ይኖራሉ፤ መሬት ይገዛሉ፤ ቤት ይሠራሉ፤ ያገኙትንም ገንዘብ ወደ ዶላር ይለውጣሉ። አይሊን ግራፍ የተባለች በጀርመን የምትኖር ሴት በዚያ ዓለም «አንሺ ቹንግ» በሚል ስም መሬት እየገዛችና እየሸነሸነች በማከራየት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሀብቷ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር መብለጡን አስታውቃለች። የሌለ መሬት አከራይታ ያለ ገንዘብ ማግኘቷ ብዙዎችን ያስገርማል። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የንግድ ዝናዋ ሁሉ የተገነባው እናቷ ባላወጣችላት ስም መሆኑ ነው።

(በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሐምስተር ኮምባት የተባለውን የቴሌግራም ጨዋታ ከታክሲ ተራ እስከ ጸበል ቦታ ስልኩን የማይነካካ ያልነበረ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። የተጠበቀው ገንዘብ የታደለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በደመራ ዕለት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች መዝሙር ሊያወጡ ተሰልፈው ሳለ ከነጠላቸው ሥር ስልካቸውን ያዩ ነበር። ያገኙት ብዙዎቹን አላስደሰተም። ያ ግን ንግድ አልነበረም፤ ሎተሪ ነበር፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።)

እኔም ሦስት ስም ነበረኝ። በደብሩ የምጠራው በክርስትና ስሜ ነው። በመታወቂያዬና በቴሌብር ያለው ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም ነው፤ ይህንን ስም ከቤተሰቤና ከዩኒቨርሲቲው በቀር የሚያውቀው የለም። በጊልዱና በንግዱ ደግሞ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገው ሦስተኛ ስም ነበረኝ። ሦስቱ ስሞች እንዳይገናኙ አልተጋሁም፤ ነገር ግን አለመገናኘታቸው ተመችቶኝ ነበር። በሦስተኛው ስሜ ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ብሸጥ፣ እሑድ የሚቀድሰው ሌላው ነው። በሦስተኛው ስሜ ለቸገረው ልጅ ዛሬ የ200 ብር ዳይመንድ ሰጥቼ ቅዳሜ 230 ብር እቀበል ነበር። ሠላሳ ብሩን «የመጠበቂያ» እንለው ነበር።

ገንዘብ ሲገባልኝ የላኪው ስም በአጭር መልእክት ይደርሰኛል። ከላኪዎቹ ጥቂቶቹ ሴቶች ነበሩ። በጊልዳችን ውስጥ ግን ሴት አልነበረችም። ይህን አይቼዋለሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ በአንዲት እናት ስም 400 ብር ሲገባልኝ፣ «ይህች እናት በዚህ ሰዓት ዳይመንድ ለምን ትፈልጋለች?» ብዬ አልጠየቅሁም። ዕቃውን አስረከብሁ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ የምኵራብ ሰንበት ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠበቁኝ። በመንገዱ ዳር ጉልት ይሸጣሉ፤ ልጃቸው ከማስተምራቸው የስምንተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ነው።

«ዲያቆን፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ይህን ስልክ እይልኝ» አሉኝ። «ለዕቁብ የማስቀምጠው ገንዘብ ይጎድላል። ዕቁብተኛው ሊያስወጣኝ ነው። ሰው እንዳልጠረጥር፣ ስልኩ ከመቀነቴ አይወጣም።»

«አይጨነቁ እማማ፣ ታሪኩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ» አልሁና ከፈትሁት።

ከጥቅምት ጀምሮ ዐሥራ አንድ ክፍያ ተፈጽሟል፤ ድምሩ 4,750 ብር ነው። ዐሥራ አንዱም የተከፈለው ለእኔ ነው። ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም፣ ከነአባቴና ከነአያቴ፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተደርድሯል።

«ይህን ሰውዬ ታውቀዋለህ? ስሙን ጎረቤቴ አንብባልኝ ነበር፤ በሠፈሩ የሚያውቀው ጠፋ» አሉኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ምን እንዳልሁ ልንገርህ። «ላጣራልዎ፤ ነገ ይምጡ» አልሁ። ዋሸሁ ማለት ይከብደኛል፤ እውነቱን ተናገርሁ ማለት ግን ከቶ አልችልም። ስልኩን ስመልስላቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ሸሸሁ።

በማግስቱ ከልዑካኑ አንዱ ሆኜ ቅዳሴ እንድገባ ተመድቤ ነበር። የምኵራብ ዕለት ወንጌል ጌታችን ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሌሊቱን ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ስከራከር አደርሁ። ዕቃ ሸጬ ዋጋ ተቀብያለሁ፤ የሰረቀው ልጁ ነው፤ እኔ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ልድያም ቀይ ሐር ትሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ከልድያ የገዛ ሰው ልድያን ያያታል።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁና ዛሬ ልቀድስ አልችልም አልኋቸው። ሁሉን ሰሙኝ። ስለ ልጁ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ ሠላሳዋ ብር ጠየቁኝ። በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ካህን አራጣ እንዳይበላ የከለከሉበትን ቀኖና አስታወሱኝና፣ «አንተ ‘የመጠበቂያ’ ትለዋለህ፤ እነርሱ ሌላ ስም ነበራቸው» አሉኝ። ቀጥለው «ከእኒህ እናት ስንት አተረፍህ?» አሉ። አስቤ ስድስት መቶ ብር ገደማ አልሁ። «እርሳቸውስ ስንት ከሰሩ?» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ብዙ አልተናገሩም። በኢያሪኮ የነበረው ዘኬዎስ የመለሰው ትርፉን ብቻ አልነበረም። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ እርሱን እዚህ አልጽፈውም።

እናቲቱ ሲመጡ እውነቱን ነገርኋቸው፤ ገንዘቡ ግን በእጄ አልነበረም። ነጋዴ ናችሁና ይገባችኋል፤ ገንዘቤ በኮድ ተይዞ ነበር። ኮዱን ደግሞ ለማን ልሽጠው? ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለክፍል ጓደኞቼ የላፕቶፕ ሶፍትዌር እየጫንሁ፣ ከወንድሜም ተበድሬ፣ በገብር ኄር ሳምንት 4,750 ብሩን ይዤ ጉልታቸው ድረስ ሄድሁ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በቤተ ክርስቲያን ሲያዩኝ ሰላምታዬን ይመልሱ ነበር፤ «ዲያቆን» ብለው ግን አልጠሩኝም።

ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። እኔ ስለ ልጁ እንዳይመቱት ለመለመን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን ሽንኩርቱን እየደረደሩ፣

«እዚያ ምን ብለው ነው የሚጠሩት?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። የእንግሊዝኛ ስም ነው፤ ሁለት ጊዜ ሊሉት ሞከሩና ተዉት።

«ጎበዝ ነው?»

ጎበዝ ነው አልሁ። ሐሰት አልነበረም። በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ድምፁን የማያሰማው ይህ ልጅ፣ በጊልዱ ውስጥ የወደቀ ጓደኛ ጥሎ የማይሄድ፣ ሌላው ሲሸሽ እርሱ ተመልሶ የሚያነሣ እንደነበረ እኔ አውቃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው ተጫውቻለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙን ጠርቼ ጥያቄ የጠየቅሁት ግን አንድ ጊዜ እንኳ የለም።

ንግዱን አልተውሁትም፤ ይህን ስነግራችሁ ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ። አሁን የምሸጠው ደውዬ ድምፁን ለሰማሁት ሰው ብቻ ነው፤ የላኪው ስም ከገዢው ስም ካልገጠመ ገንዘቡን እመልሳለሁ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አልሸጥም፤ ዱቤ የለም። ከደንበኞቼ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህን ወደማይጠይቅ ሻጭ ሄደዋል። በጊልዱ ውስጥ ስሜን በክርስትና ስሜ ቀይሬዋለሁ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ሦስት ሰዎች ወጡ፤ በዓረብ አገር ያለው ወንድማችን ግን በውስጥ መስመር ዲያቆን መሆኔን ጠየቀኝና፣ ከዚያ ወዲህ የበዓላትን ቀን ከእኔ ይጠይቃል። እናንተም በዚህ ንግድ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሽያጭ ለማሳመን «በእመቤቴ» ብላችሁ የምትምሉትን ተዉ፤ የሸጣችሁትንም አካውንት በኋላ በኢሜይል መልሳችሁ የምትወስዱ ካላችሁ፣ ያው ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም አትፈልጉለት።

ልጁ ለጥቂት ሳምንታት ከክፍል ቀርቶ ነበር። አሁን ይመጣል፤ አሁንም ከኋላ ይቀመጣል። ባለፈው ቅዳሜ እናቱ ስልካቸውን ይዘው ዳግመኛ መጡ። የምሥጢር ቁጥሩን ልጃቸው ስለሚያውቀው እንድቀይርላቸው ፈልገው ነበር። ከፍቼ አዲስ ቁጥር እንዲመርጡ ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ስልኩን ከእጄ ወስደው፣

«ተወው ዲያቆን፤ እኔ ሲጠፋኝ የሚያስታውሰኝ እርሱ አይደል?» አሉና ወደ መቀነታቸው መለሱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።