ወደ ታምራግት ስንዘጋጅ



በሚያዝያው እረፍት፣ አላህ ካለ፣ የማኅበራችን ስድስት እህቶች ወደ ሞሮኮ እንሄዳለን። የምንሄደው ሰርፊንግ ለመማር ነው። ይህን የሰሙ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ "ሐበሻንና ሞገድን ምን አገናኛቸው?" ይሉናል። ገና አልሄድንም፤ ስለ ሞገዱ ብዙ የምንለው የለንም። ስለ ዝግጅቱ ግን የምንለው አለን፤ ምናልባት ሌላ ጉዞ ለምታስቡም ይጠቅማችኋል።

ሐበሻንና ባሕርን የሚያገናኝ ነገርማ አለ። ስለ ባሕር መጀመሪያ የሰማነው ከነጃሺ ታሪክ ጋር ነው፤ ሶሐቦቹ ከቁረይሽ ግፍ ሸሽተው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አገራችን መምጣታቸውን። ለእናቶቻችን ግን ባሕር ሌላ ነገር ነው። ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገረው ጀልባ ነው፤ ከሊቢያ ዳርቻ በሌሊት የሚነሳው ጀልባ ነው። ከስድስታችን የአንዷ ታላቅ ወንድም ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከኦቦክ ተሳፈረ፤ አልደረሰም። ይህን የምንጽፈው በእሷና በእናቷ ፈቃድ ነው። እናቷ የጉዞውን ሐሳብ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ አልጮኹም። "ባሕር አንድ ልጅ ወስዶብኛል። ሁለተኛዋን በእጄ አልሰጠውም" ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረን፤ አምስት ሆነን መሄድ፣ ወይም መተው። ሹራ ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዷ የጀመዓ ሰላትን ነገር አነሳች። ከኋላው ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ፣ ልጇ የሚያለቅስባት እናት መኖሯን የሚያውቅ ኢማም ሰላቱን አያስረዝምም። ጀመዓው የሚሄደው በጠንካራው አቅም ሳይሆን በደካማው ነው። "ጉዟችንም እንዲሁ ይሁን፤ በጣም በምትፈራው ልክ እናቅደው" አለች። ተስማማንና ወደ እናቷ ሄደን "እርስዎ ምን ቢሟላ ልብዎ ያርፋል?" ብለን ጠየቅናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ሦስት ነገር ነገሩን፦ ሁላችሁም ዋና ትማራላችሁ፤ ማንም ብቻዋን ውሃ ውስጥ አትገባም፤ እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ።

እቅዳችን በሙሉ ከእነዚህ ሦስት ቃላት ወጣ።

መጀመሪያ ቦታው። ሞሮኮ ውስጥ ሰርፊንግ ሲባል የሚነሳው የታጋዙት ስም ነው። ከአጋዲር በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ የአማዚግ ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ስሟን ያስጠራው አንከር ፖይንት የሚባለው ሞገድ ግን ድንጋያማ ጥግ ይዞ የሚሮጥ በመሆኑ ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይደለም። እኛ የመረጥነው ወደ አጋዲር ትንሽ ቀረብ የምትለውን ታምራግትን ነው። ሰፊ አሸዋማ ዳርቻ አላት። ጎረቤቷ አውሪር ሙዝ ስለሚበቅልባት "የሙዝ መንደር" እየተባለች ትጠራለች። ለጀማሪ ዋናው ነገር ይኸው አሸዋ ነው፤ ብትወድቂ የሚቀበልሽ ድንጋይ አይደለም። ደግሞ ጀማሪ የሚማረው በትልቁ ሞገድ ላይ ሳይሆን ሞገዱ ከተሰበረ በኋላ ወደ ዳር በሚሮጠው ነጭ አረፋ ላይ ነው። ውሃው ወገብ ድረስ ነው፤ ቦርዱም ረጅምና ላዩ ለስላሳ ነው።

ቀጥሎ ወቅቱ። ትልልቆቹ ሞገዶች የሚመጡት በብርዱ ወራት ከሰሜን አትላንቲክ ማዕበል ነው። ስለዚህ የታኅሣሥን እረፍት ትተን የሚያዝያን ያዝን፤ ያኔ ሞገዱ ቀለል ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ትምህርቱን ጠዋት አደረግነው።

ልብስን በተመለከተ ብዙ እህቶች ጠይቀውናል። በዚያ ዳርቻ ከሰሜን የሚወርደው የካናሪ ጅረት ባሕሩን ስለሚያቀዘቅዘው በሚያዝያ የውሃው ሙቀት 17 ወይም 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ዌትሱት ይለብሳል፤ ተሸፍና የገባች ሴት እንግዳ አትሆንም። ዌትሱት ገላ ላይ ስለሚጣበቅ እኛ ከላዩ ሰፋ ያለ የዋና ቀሚስ እንደርባለን፤ ለራስ ደግሞ የማይወልቅ የዋና ሒጃብ አለን። የምታስተምረን ሴት እንድትሆንም አስቀድመን ጠይቀን ይዘናል።

ሰላትን በተመለከተ፣ አብዛኞቻችን የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች ነን። በመዝሀቡ መሠረት የመግቢያና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት የነየተ ሰው ከደረሰ ጀምሮ ሰላቱን ሙሉ ይሰግዳል። እኛ ሰባት ቀን ስለምንቆይ ቀስር የምናደርገው በመንገድ ላይ ብቻ ነው። በሚያዝያ በታምራግት ዙህር የሚገባው በሐበሻ ሰዓት 7 ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ዐስር ደግሞ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ትምህርቱ ከዙህር በፊት ካለቀ ዌትሱቱን አውልቆ ዉዱእ ለማድረግ በቂ ጊዜ አለ። ሁለት ወንድሞቻችን አብረውን ይመጣሉ። የመህረምን ጉዳይ ግን እያንዳንዳችን ከቤተሰባችንና ከኡስታዛችን ጋር ጨርሰናል፤ እዚህ ፈትዋ መስጠት የኛ ቦታ አይደለም።

ገንዘቡንም በዚያው መርህ አየነው። ከመካከላችን በሌሊት ሥራ የምትማር አለች፤ ወደ አገር ቤት በየወሩ የምትልክም አለች። ስለዚህ በየወሩ ሁላችንም የተዘጋ ፖስታ አንድ ሣጥን ውስጥ እናስገባለን። ማን ስንት እንዳስገባች ማንም አያውቅም፤ የሚቆጠረው ድምሩ ብቻ ነው። አንድ ሕግ አለን፦ ገንዘቡ ካነሰ ቀን እንቀንሳለን እንጂ ሰው አንቀንስም። ሰባት ቀን የሆነውም ከዘጠኝ ተቀንሶ ነው።

ዋናውን ከጥቅምት ጀምሮ በየእሁዱ፣ በመዋኛው የሴቶች ሰዓት እየተማርን ነው። ወንድሟን ያጣችው እህታችን የገንዳውን ጠርዝ ለመልቀቅ አምስት ሳምንት ፈጀባት። ማንም አላቻኮላትም። በስድስተኛው ሳምንት ለቀቀች፤ ዛሬ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ጣሪያውን እያየች ትቆያለች። አሸዋማ ዳርቻም ቢሆን ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት እንደሚኖረው ስለተማርን፣ ስድስታችንም መውጫውን በቃላችን ይዘናል፦ ከጅረቱ ጋር አትታገዪ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተሽ ከሚጎትትሽ ውሃ ውጪ፤ ከዚያ ወደ ዳር ተመለሺ፤ ከደከመሽ ተንሳፈፊና እጅሽን አንሺ። ይህን ለእናቷ አንድ በአንድ አስረዳናቸው። እሳቸውም መልሰው አስደገሙን፤ እንደ ቁርኣን አስተማሪ አንዷንም ሳያልፉ።

በአላህ መመካት ግመልን ካሰሩ በኋላ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በዚህ ዝግጅት የገባን አንድ ነገር ግን አለ፤ ገመዱን አጥብቆ የሚያስረው የሚፈራው ሰው ነው። ያቺን እናት ባንሰማ ኖሮ ዋና ሳንችል፣ በብርዱ ወራት፣ ስሙ ወደ ገነነው ሞገድ እንሄድ ነበር። በማኅበራችን ውስጥ ለኢፍጣርም ሆነ ለጉዞ ስናቅድ "እሷ ትፈራለች"፣ "እሱ አይችልም" ብለን የምናልፋቸው አሉ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

እህታችን እስካሁን ባሕሩ ውስጥ እገባለሁ አላለችም። ባትገባም እቅዱ አይፈርስም፤ በአሸዋው ላይ ከእናቷ ጎን ቦታ አላት፣ ከኛም አንዷ በየተራ አብራቸው ትቀመጣለች። እናቷ የነገሩን አንድ ነገር ግን አለ። ዳርቻው ላይ ሆነው ለልጃቸው ዱዓ ማድረግ ይፈልጋሉ፤ ባሕር ከወሰደው ጀምሮ ባሕር አጠገብ ቆመው አያውቁም።

የእሁዱ የዋና ሰዓት ለማንኛዋም እህት ክፍት ነው፤ ሰርፊንግ ባታስብም ትምጣ። ከናንተ የምንፈልገው ዱዓችሁን ነው፤ ለጉዟችንም፣ በባሕር ለቀሩትም። አላህ ከሸሂዶቹ ይቀበላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጣቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።