የጢስና የሽሮ ደብተር

በክፍላችን ውስጥ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። ከፊት ሲከፍቱት የወጥ አሠራር ነው፤ ገልብጠው ከኋላ ሲከፍቱት የጢስ፣ የሥራ ሥርና የ«ይህ አይረገጥም፣ ያ አይነካም» ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ከሁለት አቅጣጫ እየተጓዙ ሊገናኙ ጥቂት ሉክ ቀርቷቸዋል። ታስቦበት አልነበረም። ሁለት ደብተር ለመግዛት ገንዘብ አጠረንና ነው። ሊጠይቁን የሚመጡ ጓደኞቻችን ከፊት በኩል ያዩ እንደሆነ «እሰይ ባለሙያ!» ይሉናል፤ ከኋላ ያዩ እንደሆነ «እንዴ! ጥንቆላ ጀመራችሁ?» ይላሉ። አንዱማ፣ ያውም የታሪክ ተማሪ፣ በሁለት ጣቱ አንሥቶ በሁለት ጣቱ መልሶ አስቀመጠው።

እኛ አራት ነን። ጎንደር ውስጥ ከግቢ ውጭ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንደኛዋ ጎጃሜ ናት፤ አያቷ ደብተራ ነበሩ። ሁለተኛዋ የደሴ ልጅ፣ የሙስሊም ቤት ልጅ ናት። ሦስተኛዋ ከደብረ ብርሃን ናት፤ ያሰበችውን ሳትናገር አታድርም። የአራተኛዋን ሀገር አንጠራም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ታች ይደርስበታል።

ሥጋ አናበስልም። ከፊሉ ጾም ነው፣ ከፊሉ ኪስ። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15፤ የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ነው፤ ሁሉን የሚጾም ሰው በዓመት ከ200 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። በፍስኩም ቀን ቢሆን ግን አናበስልም። ምክንያቱ የደሴዋ ናት። የክርስቲያን ቢላ የነካውን እሷ አትበላም፤ የእስላም ቢላ የነካውን እኛ አንበላም። ሽሮ ግን ማን አረደው አይባልም። አራታችንም እጃችንን የምንሰድበት ድስት የጾም ድስት ብቻ ሆነና በዚያው ጸናን። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሌሊት ተነሥተን ምስሩን አሙቀን እንቀሰቅሳታለን፤ ከእንቅልፋችን ከተነሣን አይቀር ብለን አብረናት የምንበላበትም ሌሊት አለ።

የፊቱ ገጽ በወር የተደረደረ ነው። መስከረም ላይ የበቆሎ እሸት ጥብስና ዱባ ወጥ አለ። ጥቅምትና ኅዳር የእሸት ነው። ሁዳዴ ሲመጣ ደብተሩ ይወፍራል፤ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ አዚፋ፣ ሽምብራ ዓሣ፣ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን። ሰኔና ሐምሌ ግን ከሽሮ በስተቀር ብዙ የተጻፈበት የለም። በጎንደር ክረምት፣ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሳይደርቅ፣ መብራት ጠፍቶ በከሰል ሲበሰል፣ ከሽሮ ሌላ ምን ያምራል? ስለዚህ ስለ ሽሮ ብቻ አምስት ገጽ ጽፈናል፤ በአምስቱም አልተስማማንም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላ በሚለው አንድ ነን። ድስቱ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ፣ ከዚያ ዘይት። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ጎጃሜዋ ከመጀመሪያው ይግባ ትላለች፤ የደብረ ብርሃኗ «ሊወርድ ሲል ነው እንጂ! ምን ሊሸት ነው ታዲያ?» ብላ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋለች። ሽሮውም አንድ አይደለም። በየፌስታሉ ከየቤታችን ይመጣል፤ አንዱ አተር ይበዛዋል፣ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ በሶብላ፣ አንዱ ኮረሪማ። ፌስታሉን ፈትተን በማሽተት ብቻ የማን እናት እንደላከችው እናውቃለን።

በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በብረት ድስት የሚሠራ ሽሮ ሽሮ አይደለም ያለችው አራተኛዋ ናት። ቅዳሜ ገበያ ይዛን ሄደች። ድስቱን አንሥታ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። ሰነጠቀ ያለበት ድምፁ ይሞታል፤ ደህናው እንደ ደወል ይመልሳል አለችን። ስድስት አንኳኩታ ሰባተኛውን ገዛች። ቤት አምጥታም ያንኑ ዕለት አላበሰለችበትም። ጎመን ዘር ወቅጣ፣ አሽታ፣ በዝግታ እሳት አሟሸችው። ይኸው እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። በውስጡ የተሠራው ሽሮ ከምድጃው ወርዶ እንኳ ሲንተከተክ ይቆያል፤ የመጨረሻዋ ጉርሻ ሳትበርድ ትደርሳለች።

ወደ ኋላው ገጽ እንሂድ።

የኋላው በጎጃሜዋ ተጀመረ። አያቷ ሲያርፉ ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍታቸው ሌላ አንድ ትንሽ የእጅ ጽሑፍ ትተው ነበር፤ የመድኃኒት ነው። ጠንቋይ የሚል ቃል በደጃቸው እንዲነገር አይወዱም ነበር አሉ። ማኅሌት የቆሙ፣ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ቅጠል ማወቃቸው ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ሰው ሲድን «አዋቂ» ይላቸዋል፤ ጎረቤት ሲቀየም «መተተኛ» ይላቸዋል። ጽሑፋቸው በግእዝ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሰው ሳያነጋግሩ ይቆረጥ ይላል። ክታብ የሚጻፍለት ሰው ቁመቱ ይለካል፤ ብራናውም በቁመቱ ልክ ይቆረጣል። ስሙ በቀይ ቀለም ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። ይህን ስትነግረን ሁላችንም ዝም አልን፤ ተፍቆ የቀረ ስም ያለበት ብራና አንገት ላይ ማሰር እንዴት ያለ ነገር ነው!

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እኛ በሁለት ጣት ስናነሣ ሌላው ሀገር ወስዶ አሳትሞታል። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ የአንድ ኢትዮጵያዊ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አውጥቷል። እጸ ደብዳቤ የተሰኘው የገላሁን አባተ መጽሐፍም በ1989 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአማርኛ ታትሟል። ለመኩራት አይደለም የምንጽፈው። ያ የታሪክ ተማሪ ይህን እንዲያነብ ነው።

ከአያትየው ጽሑፍ በኋላ እያንዳንዳችን ጨመርን። ለምች ዳማከሴ። ለሆድ ጤና አዳም። ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል፣ ዝናብ ሲጥል ልጅ ወደ ደጅ ይወጣል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ይታጠናል፤ ይህ በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን ከፈጀው ከኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚነገር ነው። የደሴዋም ሼሁ የጻፉላትን ክታብ አወጣች፤ በቆዳ የተሰፋ ነው፤ አልከፈተችውም። እኛም ክፈቺው አላልናትም። ጤና አዳም ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይገኛል፤ ከፊት በስልጆ ውስጥና በቡና ላይ፣ ከኋላ በትራስ ሥር። አከራያችን እትዬ ከጓሯቸው ቆርጠው የሚሰጡን ለየትኛው ብለው አይጠይቁንም።

ቡዳ የሚለው ገጽ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ጎጃሜዋ ከአያቷ ጽሑፍ እንዳለ ገለበጠችው። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አለበት፤ የግዛዋ ሥር በፍም ላይ ይደረግና በሽተኛው ይታጠናል፤ ሲለፈልፍ «ማን ነህ? የት አገኘሃት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የበላው ሰው ስሙን ይናገራል ይላል። አንባቢ እንደሚያውቀው ይህ ስም ከመንደሩ ሁሉ ተለይቶ አንድ ቤት ላይ ነው የሚያርፈው። ብረት የሚቀጠቅጠው ቤት፣ ቆዳ የሚፍቀው ቤት፣ ሸክላ የሚሠራው ቤት። ከዚህ ከጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የነበሩት ቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች በዚሁ ስም ሲፈሩ ኖረዋል።

አራተኛዋ ገጹን አነበበችው። ማታ ነበር፤ እኛ ምስር እንለቅም ነበር። ሉኩን ገለበጠችና እስክሪብቶ ጠየቀች። በዚያው ሉክ ጀርባ ላይ ሙሉ ገጽ ጻፈች። ርእሱ «ሸክላ» ይላል።

መጀመሪያ አሠራሩን ነው የጻፈችው። አፈሩ ከሩቅ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል። ይወቀጣል፣ ይነፋል። የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ ይገባበታል፤ ያለዚያ እሳት ላይ ይፈነዳል። በእጅ ብቻ ይነሣል። ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ድንጋዩ ከአያት ለእናት፣ ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ጥቁር ሲፈለግ ትኩሱን ገለባ ውስጥ ይቀብሩታል። ከዚያ በታች ስለ እናቷ አሥር መስመር ያህል አለ። እሷ ፈቅዳልን ነው የምንነግረው፤ «ይጻፍ፣ ስሜና ሀገሬ ግን አይውጣ» ብላናለች።

ሰባተኛ ክፍል ሳለች የጎረቤት ሙሽራ ታመመች። አጠኗት። በጢሱ ውስጥ የልጅቱን እናት ስም ጠራች። በሚቀጥለው ገበያ ከእናቷ ፊት የቆመ ሰው አልነበረም፤ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ነጠላቸውን በልጁ ፊት ላይ እየጣሉ ያልፉ ነበር። ውሃ ስትቀዳ ሰልፉ ይፈርሳል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ግን ሰዎች በጨለማ ወደ ቤታቸው መጡ፤ ሠርግ ነበረባቸውና ሃያ ድስት ፈልገው ነው። ከፍለው ወሰዱ። ሙሽራዋን በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ወባ ነው ተባለ፤ ዳነች። ጠርታው የነበረውን ስም ግን መልሶ የወሰደ ሰው የለም። በዓመቱ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ።

ምስሩ ሳይለቀም አደረ።

በማግሥቱ ክርክር ተነሣ። የደብረ ብርሃኗ «ይህ ገጽ አሁኑኑ ይቀደድ!» አለች። ጎጃሜዋ ደግሞ ተከፋች፤ አያቷ ስም አያስጠሩም ነበር፣ አጥነው ጸልየው ይሸኙ ነበር፣ ስሙ ለመድኃኒቱ አይረዳም ይሉ ነበር አለች። «ታዲያ ለምን ጻፉት?» ተባለች። መልስ አልነበራትም። የደሴዋ ደግሞ «የጻፉት ሰው ሞተዋል፤ ያነበቡት ግን ስንት ናቸው?» አለች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ፣ ሠሪን የሰደበ እኔን ሰደበ ሲሉ ማወጃቸውን ያስታወስነውም ያን ጊዜ ነው። አዋጁን ለፈተና አጥንተነዋል። አራተኛዋም አጥንታዋለች፤ ያውም ከሁላችን የበለጠ ውጤት ያገኘችበት እሷ ናት።

እሷ ምን አለች? «አትቅደዱት። እሱን ስትቀድዱ የእናቴ ሸክላ አብሮ ይቀደዳል» አለች። እውነት ነው፤ አንድ ሉክ ነው። በሌላ ሉክ ላይ ልትጽፈው ትችል ነበር፤ ባዶ ሞልቶ ነበር። ለምን እዚያው ላይ እንደጻፈችው ጠይቀናት አናውቅም። ተነሥታ ከሰሉን አያያዘች፤ ድስቱን ጣደች።

ወሬው ከክፍላችን አልወጣም ነበር፤ አሁን በዚህ መጽሔት እኛው አወጣነው። እዚህ ግቢ ውስጥ የወላጅዋን ሙያ ሲጠይቋት «ገበሬ» ብላ የምትመልስ እሷ ብቻ አይደለችም። ምግብ አዳራሽ ውስጥ አንድ ልጅ ሲያንቀው «ማን አየህ?» እየተባለ ሲሳቅ ሰምተናል፤ ከሳቁት መሐል በጥናት የሚያስንቁን አሉ። ዲግሪው ከጢሱ ጋር ተስማምቶ መኖሩ አይገርምም ወይ?

ሰኔ ላይ እንመረቃለን። ደብተሩ ለማን ይሂድ በሚለው ላይ ደግሞ ተጣላን። ጎጃሜዋ የአያቴ ነው ትላለች፤ የደብረ ብርሃኗ ሽሮው የእኔ ነው ትላለች፤ ዕጣ ይውጣ ያለችም አለች። በመጨረሻ ሦስት ደብተር ገዝተን ልንገለብጠው ተስማማን። ማታ ማታ የደሴዋ ታነባለች፣ ሦስታችን እንጽፋለን፤ የእሷን ቅጂ በተራ እንጽፍላታለን፤ ዋናው ለአራተኛዋ ይሄዳል። አንድ ደንብ ብቻ አወጣን፦ ያ ሉክ በሁሉም ቅጂ ፊትና ጀርባ ሆኖ ይገለበጣል፤ አንዱን ገጽ ብቻ የምትጽፍ የለችም። እስካሁን ከፊት በኩል ስልጆ ላይ ደርሰናል። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ ስንት ቀን ይቀመጥ በሚለው ላይ ሦስት ቀንና አምስት ቀን ተባብለን ገጹ ክፍት ነው። ድስቱ ውስጥ ጣጥለነዋል፤ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው።