«እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል»

ለማሳከክና ለጉንፋን በሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ «ድራውዚነስ» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፋ እናገኛለን። ፊደሉን ያወቅን ሁሉ ለጎረቤቶቻችን አስተርጓሚዎች ነንና ይህችን ቃል አጣርተን ልናውቃት ይገባናል።

ቃሏ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታየችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ሥሯ ግን ከዚያ ይርቃል። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚገምቱት የመጣችው «ድሩሲያን» ከሚል ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙም መስመጥ፣ መዛል፣ መፍዘዝ ነበር። የዚሁ ግሥ ዘመድ የሆነ ሌላ ቃል ደግሞ መውደቅ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሏ የምትናገረው ስለ ተኛ ሰው አይደለም፤ ወደ እንቅልፍ በመስመጥ ላይ ስላለ ሰው ነው።

ስለዚህ «ያስተኛል» ብለን ብንተረጉም እናሳስታለን። እንቅልፍ ያጣው የእንቅልፍ መድኃኒት ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ «እኔ መቼ ተኛሁ» ብሎ እሳት ዳር ይቀመጣል። አማርኛችን ለዚህ አላነሰም። ማሸለብ አለ፤ ማንጎላጀት አለ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰውነት ይከብዳል፣ ዐይን ክድን ክድን ይላል፤ ያን ጊዜ «እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» እንላለን። ትክክለኛው ትርጉም ይኸው ነው። ክሎርፌኒራሚንን የመሰለ ክኒን ይህን የሚያመጣው፣ አንጎልን ነቅቶ እንዲቆይ የሚረዳውን ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራውን ስለሚያግድበት ነው። ማሸጊያው መኪና አትንዱ ብሎ ያስጠነቅቃል። እኛ መኪና ባይኖረን ምድጃ አለን፣ የፈላ ውኃ አለን፣ የታዘለ ሕፃን አለን።

ከዚህች ቃል ጋር መምታታት የሌለባት ሌላም አለች፤ «ሌታርጂክ» ትባላለች። የመጣችው ከግሪክ ነው፤ በውስጧም መርሳት የሚል ቃል አለ። የታመመ ሕፃን ሲቀሰቅሱት በደንብ የማይነቃ፣ በዙሪያው የሚሆነውን የማያስተውል ሲሆን በዚህች ቃል ይጠራል። ይህም በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ከአደገኛ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ለነገ አይባልም።

እንግዲህ አንዲት እናት «ልጄን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል» ስትል፣ አስተርጓሚው ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ከማሻገሩ በፊት «እኅቴ፣ ስትቀሰቅሽው ይነቃል? ጡት ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃት። ሐኪሙ የሚሰማው እኛ የመረጥነውን ቃል ነውና።