በልጅግ

ካዝናውም አፈሙዙም ባዶ መሆናቸውን ደጋግሜ አይቼ የመጀመሪያዋን ብሎን ፈታሁ። ጠመንጃውን የሸጡልኝ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አጋዘን ሲያድኑ የኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ሰደፉ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ እንጨቱም ለዓመታት በጠጣው ዘይት ጠቁሯል። የግራ ጎኑን በጨርቅ ስወለውል በፈረንሳይኛ የተቀረጸ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ የፋብሪካው ስም፣ ኸርስታል የምትባለው ከተማ፣ መጨረሻ ላይ «ቤልዢክ»፣ ማለትም ቤልጂየም።

እጄ ቆመ። አያቴ አንዱን የጠመንጃ ዓይነት «በልጅግ» ሲሉ እየሰማሁ አድጌያለሁ። ከሌሎቹ የድሮ ጠመንጃዎች ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፣ ለበንም እ.ኤ.አ. የ1886ቱ «ለቤል» መሆኑን ኋላ አንብቤ አውቄ ነበር። በልጅግን ግን ብረት ላይ ተጽፎ ሳገኘው ሌላ ነው። ኤፍኤን የተባለው የቤልጂየም ፋብሪካ በጀርመኑ ማውዘር ስልት የሠራቸውን ጠመንጃዎች አገራችን ከጣሊያን ወረራ በፊት ገዝታ ነበር። የእኔው የዚያው ፋብሪካ የአደን ጠመንጃ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ። መዝጊያው ግን ያው ማውዘር ነው፤ ከፊት ሁለት ጥርስ፣ ከኋላ አንድ መጠባበቂያ።

ስንጥቁን በሙጫ ደፍኖ መተው ቀላል ነበር። ግን ለምን ተሰነጠቀ? ብሎኖቹ ሲላሉ ጠመንጃው በረገጠ ቁጥር ብረቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጭራው እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቃል። ግፊቱን መቀበል ያለባት ከሥር ያለችው ጉጥ ናት፤ መቀመጫዋ ግን በዘይት በስብሶ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ዘይቱን አወጣሁ። የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን አቡክቼ፣ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቄ ቀባሁት። ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ ይነሳል። አራት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ኢፖክሲ አስገብቼ በሞርሳ አሰርኩት። የጉጧንም መቀመጫ በኢፖክሲ ሞላሁ፤ እንዳይጣበቅ ብረቱን አስቀድሜ ሰም ቀብቼዋለሁ። ከጭራው ኋላ የፀጉር ያህል ክፍተት ተውኩ። የፊቱ እንጨት አፈሙዙን እንዳይነካ ከሥሩ ወረቀት እያሳለፍኩ፣ በያዘበት ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አደረግኩ።

መጨረሻው የተልባ ዘይት ነው። በመዳፍ እያሹ ስስ አድርጎ መቀባት፣ አንድ ቀን ማሳደር፣ እንደገና መቀባት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊፈጥር ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ብረቱን አስፍቀህ እንደ አዲስ አስጠቁረው ያሉኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ። ፊደሎቹን የሚበላ ውበት አልፈልግም።

በቤቴ ያልነካሁት አንድ ነገር አለ፤ መዝጊያው ሲዘጋ ከጥይቱ ቂጥ ጋር ያለው ክፍተት። እሱን ፈቃድ ያለው ባለሙያ በመለኪያ እስኪያየው ድረስ አንድ ጥይት አልተኮስኩም።

አገር ቤትም ይሁን እዚህ ከአባት ከአያት የወረሳችሁት አሮጌ ጠመንጃ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመተኮሳችሁ በፊት ለባለሙያ አሳዩት። ጽሑፉንም አታስፍቁት።